መርከበኛው ያየው፣ እኔ የጻፍኩት

የመጀመሪያ ቀኔ ሰኞ ነበር። ከኦክላንድ በባቡር ተሳፍሬ ሪችመንድ ወረድኩ፤ ከዚያ አውቶቡስ ይዤ ወደ ሳን ፓብሎ። የእንግሊዝኛ ምልክት ማንበብ ስለማይቀናኝ ማቆሚያዎቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ሰባተኛው ላይ ገመዱን ሳብኩ። ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ አሥራ አራት ዓመት ቆይቼ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ነው አዛውንት ወደ መንከባከብ፣ እዚህ ኬርጊቨር ወደሚባለው ሥራ የዞርኩት። ስድሳ ልደፍን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ራሷ ተንከባካቢ የሚያስፈልጋት ሴትዮ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ልጄም ስቃለች።

የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው ነው። ስሞቹን ለውጫለሁ። የሰው ቤት ገብቶ የወጣ አፉን መጠበቅ አለበት።

በሩ ላይ ሱፐርቫይዘሬ ግሎሪያ ጠበቀችኝ። ፊሊፒናዊት ናት፤ ፈጣን፣ ቆጣ የምትል፣ ቂም ግን የማታውቅ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ፦ የጓንት ካርቶን፣ የሳምንቱ ቀናት የታተሙበት የመድኃኒት ሣጥን፣ ሰውየው ተደግፎት የሚሄደው ዎከር፣ ገላውን ሲታጠብ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ወንበር፣ ከመቀመጫው ስናነሳው ወገቡ ላይ አስረን የምንይዘው ሰፊ ቀበቶ። "በክንዱ ጎትተሽ እንዳታነሺው፣ ትከሻው ይወልቃል" አለችኝ። መጨረሻ ላይ ሎጉን፣ በየቀኑ የሚሞላውን ቅጽ አወጣች።

"አስካለ፣ ሁለት ነገር ብቻ። ያየሽውን ጻፊ፣ ያሰብሽውን አትጻፊ። ከኬር ፕላኑ፣ ከተጻፈው የእንክብካቤ ዕቅድ፣ ውጭ ደግሞ ምንም አትስጪው፤ የራስሽን ሻይ እንኳ።"

"እሺ" አልኳት። አንደኛውን በግማሽ ጠበቅኩ። ሁለተኛውን አፈረስኩ።

ስለ መጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጄን ሰናይትን ጡት እያጠባሁ ነው። እንግሊዝኛ በጆሮዬ ለምጄ አወራለሁ፣ መጻፉ ግን የለም። ስለዚህ የቀኑን ነገር ሁሉ በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፍና፣ ሥራ ስጨርስ ሰናይትን ኮል አደርጋታለሁ። እሷ ኤመሪቪል ቢሮ ትሠራለች። እኔ ሳነብ እሷ የኩባንያው ፎርም ላይ ትሞላለች።

"እማዬ፣ 'በሦስት ሰዓት ቁርስ በላ' ያልሽው በእኛ ነው በእነሱ?"

"በእኛ ነው እንጂ። ሽማግሌ ሰው በሌሊት ቁርስ ላበላ?"

"ኦኬ። ናይን ኤ ኤም።"

ሰውየው ሚስተር ሃሮልድ ይባላሉ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ረጅም፣ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ጺማቸውን በየቀኑ የሚላጩ። ሚስታቸው ሞታለች። ዴኒስ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ሳን ሆሴ ይኖራል፣ እሑድ እሑድ ይመጣል። ከቤታቸው የኋላ መስኮት የባሕሩ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ትታያለች። ሁልጊዜ እዚያ መስኮት ላይ ነበሩ። ዓይናቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ያስኬዳሉ፣ ያቆማሉ፣ ደግሞ ትንሽ ያስኬዳሉ።

"ድመት ጠፍቶብዎት ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

ሳቁ። "ድመት የለኝም ሚስ አስካለ። ዎች ላይ ነኝ፣ ጥበቃ ላይ።"

በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል መርከብ ላይ ጠባቂ ነበሩ፤ መርከቡ አናት አጠገብ ቆሞ፣ መነጽር አንግቶ፣ ባሕርና ሰማዩን የሚያይ ጠባቂ። ባሕር በአንድ እይታ ተጠራርጎ አይታይም አሉኝ። ቁራሽ በቁራሽ ነው የሚታየው። ያዩትን በስልክ ወደ ላይ፣ አዛዡ ወዳለበት ይናገራሉ፤ በየት አቅጣጫ፣ ከውሃው ምን ያህል ከፍ ብሎ። "ምን እንደሆነ መናገር የጠባቂ ሥራ አይደለም። ያየውን ብቻ ነው" አሉ። የግሎሪያ ሕግ ትዝ አለኝና ደስ አለኝ። ሥራችን አንድ ነው አልኩ በሆዴ።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እግራቸውን ቅባት እየቀባሁ ሳለ ነገሩን የነገሩኝ።

ጠዋት ነው። ፀሐይ ከውሃው ክንድ ያህል ወጥታለች። ባሕሩ ዘይት እንደ ፈሰሰበት ጸጥ ብሏል። በመርከቡ አፍንጫ በስተግራ፣ በእነሱ አቆጣጠር ሦስት መቶ ሃያ ዲግሪ ላይ፣ ክንድ ዘርግቶ በጣት ሲለካ ከውሃው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ አንድ ነገር ቆሟል። ክብ ነው። ክንፍ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም። የቆርቆሮ ቀለም ነው፣ አያበራም። ከሥሩ ያለው ውሃ ብቻ ነጭ ሆኗል። ሚስተር ሃሮልድ በስልኩ ተናገሩ። ጓደኛቸው ኤዲ በወዲያኛው በኩል ጠባቂ ነበረና እሱም ሮጦ መጥቶ አየ። አጠገባቸው የብረት አጥር ግራጫ ቀለም ይቀባ የነበረ መርከበኛ አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ ሳያውቀው የራሱን ግራ እጅ ቀባ። ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ራዳር የሚያይ ሰውም "እኔም ጋ አለ" ብሎ ደወለ። ከዚያ ነገሩ ወደ ጎን ሄደ። እንደ አውሮፕላን አልዞረም፤ እዚህ ነበረ፣ እዚያ ሆነ፣ ጠፋ።

"ምን ነበር?" አልኳቸው።

"አላውቅም" አሉ። "ሁሉም ሰው ይህንኑ ይጠይቀኛል። አላውቅም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። በእኛ አገር ከውሃ ስለሚወጣ ነገር የሚወራው ደግ አይደለም። አማተብኩና እግራቸውን ጨርሼ ካልሲ አለበስኳቸው። ከዚያ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የጻፍኩበትም ምክንያት አለ። አባቴ ምንጃር ውስጥ የአጥቢያ ዳኛ ነበር። ሰው ምስክር ሆኖ ሲቀርብ አንዴ ሰምቶ አይለቀውም። በሌላ ቀን ይጠራዋል፤ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይጠይቀዋል። "ውሸታም ቁልቁል ይሮጣል፣ ዳገት ላይ ግን ይደክመዋል" ይል ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጀርባ ተቀምጬ እሰማለሁ። ይህ ሱስ ሳይሆንብኝ አልቀረም። ሚስተር ሃሮልድን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እጠይቃቸው ጀመር፣ አንዳንዴ ከኋላ። "ቀለም ቀቢው ልጅ እጁን የጠረገው የራዳሩ ሰው ከመደወሉ በፊት ነው በኋላ?" እላለሁ። "በኋላ። በሱሪው ነው የጠረገው" ይላሉ ሳያስቡ። ግራ እጅ። ሦስት መቶ ሃያ። ሁለት ጣት። በየጊዜው እጽፋለሁ።

ከዓመት በላይ ከቆየን በኋላ ነው የቀረውን የነገሩኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት አንድ መኮንን ያዩትን ሰዎች ሰበሰበ። የመርከቡ መዝገብ ገጽ እንደገና ተጽፏል። "ፊኛ ነበር" ይላል፣ የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ። ፈርሙ ተባሉ። ሚስተር ሃሮልድ ፈረሙ፣ ቀለም ቀቢውም ፈረመ። ኤዲ "ፊኛ አላየሁም" አለ። በሚቀጥለው ወደብ ሁለት ሰዎች መጥተው በትሕትና ወደ ሐኪም ወሰዱት። የሌለ ነገር ያያል ተባለ። ወደ መርከቡ አልተመለሰም፣ ከዚያ በኋላም አላዩትም።

"አሁን የባሕር ኃይል ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ባሕር ላይ ያዩትን ያወራሉ" አሉኝ። "ስማቸውን ተናግረው፣ ክራቫት አስረው። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ፈራሁ።"

በየዓመቱ ነገሩን ያዩበት ወቅት ሲመጣ ምግብ ይዘጋቸዋል። አንድ ዓመት ግን ባሰ። ሚዛን ላይ ሳወጣቸው በሳምንት ውስጥ ቀንሰዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ። ለግሎሪያ አልበሉም ብዬ ሪፖርት አደረግኩ፤ ነርስ እልካለሁ አለች፣ ነርሷ ግን ቶሎ አልመጣችም። እኔም ፍርሃታቸው ተጋባብኝ። አውቶቡስ ላይ ማቆሚያ መቁጠሬን ረስቼ ሁለት ጊዜ አልፌ ወረድኩ።

ያኔ ነው የተሳሳትኩት። ለወገቤ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጸበል ነበረኝ፣ በትንሽ የውሃ ጠርሙስ፣ መስቀል ያለበት ወረቀት የተለጠፈበት። በብርጭቆ ቀዳሁላቸው።

"ምንድን ነው?"

"ከቤተ ክርስቲያኔ ነው። ለፍርሃት ይሆናል።"

"ለመርከበኛ ውሃ ታዢያለሽ?" ብለው ሳቁ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። ጠጡ። ደገሙ። ያን ቀን ሾርባና ግማሽ ዳቦ በሉ። ደስ ብሎኝ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ "ጸበል ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ሾርባ በሉ።" ለሰናይት በስልክ ሳነብላት ግን ሾርባውን ብቻ ነገርኳት።

ነርሷ በሦስተኛው ቀን መጣች። ደም ግፊት ለካች፣ ሳንባቸውን አዳመጠች፣ ከዚያ ጠርሙሱን አነሳች።

"ይህ ምንድን ነው?"

መዋሸት አልቻልኩም። "ባሕር ላይ ስላዩት ነገር ነው። እንዳይፈሩ" አልኩ። ነርሷ ወደ እሳቸው ዞራ "ምን አዩ?" አለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሷ ጻፈች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ማግስቱን ግሎሪያ ደወለች። "አስካለ፣ ምን አደረግሽ? ለክላየንት ያልታወቀ ፈሳሽ?" ሁለት ብርጭቆ መሆኑንና ሆን ብዬ ከፎርሙ ማስቀረቴን ግን አልነገርኳትም። ከእሷ ቀጥሎ ዴኒስ ደወለ። "አባቴ የሌለ ነገር ያያል፣ አንቺ ደግሞ በውሃ ታክሚዋለሽ። ለመሆኑ ያ ቤት ውስጥ የሚያስብ ሰው አለ?" ክፉ ልጅ አይደለም። ከሳን ሆሴ ሆኖ ስልክ በጠራ ቁጥር አባቴ ወደቀ እያለ የሚሰጋ ልጅ ነው። ነገሩ ግን ተወሰነ፦ በአሥር ቀን ውስጥ ሐኪም መጥታ ትመረምራቸዋለች። አእምሯቸው ታውኳል ካለች፣ ሳን ሆሴ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ የአዛውንቶች ቤት ውስጥ ቦታ ተይዟል።

ሚስተር ሃሮልድ ሲሰሙ ከመስኮቱ ተነሱ። ወደዚያ ወንበር አልተመለሱም። "መጀመሪያ በትሕትና ይጠይቁሻል" አሉኝ። "ከዚያ ወረቀት ይመጣል። ኤዲን እንደዚያ ነው ያደረጉት።"

አሥሩን ቀን እንዴት እንደገፋሁት እኔ አውቃለሁ። ሰውየውን ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ ነኝ። በአምስተኛው ቀን ጺማቸውን ስንላጭ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና "ፊኛ ነበር እላቸዋለሁ። አንዴ ብያለሁ፣ ሁለተኛው አይከብድም" አሉ።

ምን ልበል? ቤታቸው ነው። ሚስታቸው የተከለችው ሎሚ ጓሮ አለ። "እርስዎ እንደወደዱ" አልኩ። ከዚያ ደብተሬ ትዝ አለኝ። እሳቸው ፊኛ ቢሉ፣ የእኔ ደብተር ያጋልጣቸዋል።

ለሰናይት ነገርኳት። "እማዬ፣ ደብተሩን ይዘሽ አትሂጂ" አለችኝ። "ማንም አልጠየቀሽም። ፎርሙ አለ፣ እሱ ይበቃል። ጸበሉም እዚያው ነው ያለው፣ ሥራሽን ታጫለሽ።"

ያለችው ትክክል ነው። ቢሆንም ሐኪሟ በምትመጣበት ቀን ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በአራት ዓመት አንድም ቀን ያለ ደብተር ሥራ ገብቼ ስለማላውቅ ይሆናል። ሰናይትም ግማሽ ቀን ከሥራ አስፈቅዳ አብራኝ መጣች።

ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ሆንን፦ ሐኪሟ፣ ዴኒስ፣ ግሎሪያ፣ ሰናይት፣ እኔና ሚስተር ሃሮልድ። ነጭ ሸሚዛቸውን በብረት ተኩሼ አልብሻቸዋለሁ። ሐኪሟ ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ በአንድ ቀን ሳቱ። ሰዓት ሣሉ አለቻቸው፤ አስተካክለው ሣሉ። ከዚያ፦

"ሚስተር ሃሮልድ፣ ሌላ ሰው የማያየው ነገር ያያሉ?"

ዴኒስ መሬት መሬት ያያል። አሁን ፊኛ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ።

"ሚስ አስካለ ጽፋዋለች" አሉ። "እሷን ጠይቂያት።"

ደብተሩን አወጣሁ። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ ሰናይት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ዘጠኝ ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ ሰናይት እየተቻኮለች ነበር፤ አራተኛው ላይ ድምፅዋ ቀዘቀዘ። ግራ እጅ። ሦስት መቶ ሃያ። ሁለት ጣት። በሱሪው ጠረገ። ምን እንደነበር አላውቅም አሉ።

ሐኪሟ አቋረጠችን። "እዚህ ላይ ለምን ከመጨረሻው ጀምረሽ ጠየቅሽው?"

"አባቴ ምስክር እንደዚያ ይጠይቅ ነበር" አልኩ።

ፈገግ አለችና ወደ ሚስተር ሃሮልድ ዞራ ራሷ ከኋላ ጠየቀቻቸው። ስለ ስልኩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኤዲ። መለሱ። ስለ ፊርማውም ራሳቸው ተናገሩ። ዴኒስ "አባዬ፣ ይህን ለምን አልነገርከኝም?" አለ። "አንድ ጊዜ ልነግርህ ጀምሬ ሳቅክ" አሉት። "የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርክ። አልፈርድብህም።"

ቀጣዩን ገጽ ሰናይት ከእኔ ቀድማ በዓይኗ አየችው። ጆሮዬ ሥር ተጠጋችና በአማርኛ፦ "እማዬ፣ ይሄን ስኪፕ ላድርገው?"

የጸበሉ ገጽ ነው፤ ሁለቱ ብርጭቆ ያለበት፣ ከፎርሙ የደበቅኩት። ግሎሪያ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሥራው የእኔ ነው፣ የቤት ኪራዩም እንጀራውም ከእሱ ነው። ማንም አማርኛ አያነብም። ብዘለው ማንም አያውቅም።

ሚስተር ሃሮልድን አየኋቸው። ሰባ ዓመት የተሸከሙት አንድ የተቀየረ ገጽ ነው።

"አትዝለይው" አልኳት። "አንድ ገጽ ከጎደለ ሌላው አይታመንም። ለአንቺም በስልክ ያላነበብኩልሽ ነው፣ እሱንም ጨምረሽ ንገሪያቸው።"

ሰናይት ተናገረች። ግሎሪያ ዓይኖቿን በእጇ ሸፈነች።

ሐኪሟ ትንሽ ጻፈች። ከዚያ ለዴኒስ እንዲህ አለችው፦ "አባትህ የሌለ ነገር አያዩም። ያስታውሳሉ፣ ይፈራሉም። ቀን ይሳሳታሉ፤ በዚህ ዕድሜ እኔም እሳሳት ይሆናል። ነርስ ቶሎ ቶሎ ትምጣ፣ ምግባቸው ይታይ። ቤታቸው ይቆዩ።" ስለ ክቡ ነገር ምንም አላለችም። ሥራዋ አልነበረም።

ግሎሪያ በረንዳው ላይ ያዘችኝ። "አስካለ፣ ከዚህ ኬዝ አወጣሻለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"ደብተሩን ባታነቢው ኖሮ በማስጠንቀቂያ ባለፍኩሽ ነበር።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ግትር አሮጊት" አለችና አቀፈችኝ።

ዕቃዬን ልሰበስብ ስገባ ሚስተር ሃሮልድ ወደ መስኮቱ ተመልሰው ተቀምጠዋል። "ደብተሩን አምጪ" አሉኝ። የመጀመሪያውን፣ እግራቸውን ስቀባ የነገሩኝን ቀን ገጽ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። እስክሪብቶ ፈልገው፣ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው፣ ከአማርኛው ጽሑፍ ሥር ስማቸውን ፈረሙ።

"ምን እንደሚል ማንበብ አይችሉም እኮ" አልኳቸው።

"ሲነበብ ሰምቻለሁ" አሉ። "ያኛውን አንብቤው ነበር የፈረምኩት። ይሄ ይሻላል።"

ከዚያ በኋላ ዩኒየን ሲቲ አንዲት ሴትዮ ጋ ሠራሁ፤ ሚስተር ሃሮልድም በሁለተኛው ዓመት ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ አረፉ። ዴኒስ ደውሎ ነገረኝ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው።

እናንተ አሁን ይህን ሥራ የጀመራችሁ፣ ከእኔ የምትወስዱት ይህን ነው። ከኬር ፕላኑ ውጭ ውሃም ቢሆን አትስጡ። ያያችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ። ሲጠይቋችሁ የጻፋችሁትን ሁሉ አንብቡ፣ እናንተን የሚጎዳውንም ገጽ።